ከዘመቻ መልስ፦ የጎንደርና የሰሜን ደጋ ዘማቾች ትዝታና ኑሮ

የአርበኞች የድል በዓል በመላው ኢትዮጵያ የሚከበረው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ቀኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ነው። ጎንደር ግን በዚያ ዕለት ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ በሮች መሽጎ ስለ ነበር፣ የዚህ አካባቢ ጦርነት ያበቃው ከስድስት ወር ተኩል በላይ ዘግይቶ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በወገራ፣ በዳባት ወይም በደባርቅ ያደገ ሰው ከአያቱ የሰማው የጦርነት ታሪክ በትምህርት ቤት ከተማረው ጋር በቀን እንኳ የማይገጥመው ስለዚህ ነው። የአያቱም ታሪክ ትክክል ነው፣ የመጽሐፉም ትክክል ነው፤ አንዱ የአገሩን ዋና ከተማ፣ ሌላው የራሱን ቀዬ ይናገራል። የአንድ አካባቢ ዘማቾች ያዩትን ከራሳቸው አፍ መስማትና መመዝገብ የሚያስፈልግበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

የጎንደርና የሰሜን ሰው ከጣሊያን ጋር የተገናኘው ከተማዋ ከመያዟ በፊት ነው። ደጃዝማች አያሌው ብሩ የአገሩን ጦር ይዘው በራስ እምሩ አዝማችነት ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተው ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን በደምበጉይና በር የጣሊያንን ታንኮች ከበው የማረኩበት ውጊያም በዚያው ግንባር የተደረገ ነው። ግንባሩ ከተፈታ በኋላ በአኪሌ ስታራቼ የተመራው የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። ከዘመቻ የተመለሰው ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ ስለ ነበር ሁለት መንገድ ተከፈተለት፤ ወይ መሣሪያውን አስረክቦ ማደር፣ ወይ ዱር ቤቴ ማለት። ብዙዎች ሁለተኛውን መረጡ። አንዳንዶች መጀመሪያ ገብተው ኋላ ሸፈቱ፤ ዱር ቆይተው ኋላ የገቡም ነበሩ።

ጣሊያን ከተማዎቹንና መንገዶቹን ሲይዝ ገጠሩ በአርበኞች እጅ ቀረ። በአርማጭሆ፣ በጠገዴና በወልቃይት ቆላ ቢትወደድ አዳነ መኮንን፣ በጭልጋና በአርማጭሆ በኩል ደግሞ “አሞራው” በሚል ቅጽል የሚታወቁት ውብነህ ተሰማ ስማቸው ከገነነ መሪዎች መካከል ናቸው። የጦሩ መሣሪያ ውጅግራ፣ አልቢንና ምንሽር ነበር፤ ጥይት ደግሞ የሚገኘው በአብዛኛው ከጠላት በመማረክ ነው። ደመወዝ የለም። ስንቁ በሶና ቆሎ ሲሆን የሚያዘጋጀው የመንደሩ ሰው ነው፤ ገበሬው በቀን ለጣሊያን ግብር እየተጠየቀ በሌሊት አርበኛውን ያበላል። ስለ አርበኝነት ሲወራ ተኳሹ ብቻ እየተጠቀሰ ይህ ሸክም መረሳቱ ትልቅ ጉድለት ነው። በሶውን የቆላችው፣ የፈጨችውና በሌሊት ገደል ወርዳ ያደረሰችው ሴት ባትኖር አምስት ዓመት የዘለቀ ውጊያ ሊኖር አይችልም ነበር። በከተማ ውስጥ ሆነው የጠላትን እንቅስቃሴ እየሰለሉ ወደ ዱር ወሬ የሚልኩት ወንዶችና ሴቶች ደግሞ የውስጥ አርበኛ ይባሉ ነበር።

በሰሜን ደጋ የሚተረከው ትልቁ ውጊያ የወልቀፊት ነው። ጣሊያኖች ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ በገደሉ ላይ ጠርበው ሠርተው ነበር፤ ወልቀፊት የዚህ መንገድ አናት ነው። በላዩ የመሸገ ጦር ከሰሜን የሚመጣውን ሁሉ ማቆም ይችላል። በ1933 ዓ.ም. ክረምት በሻለቃ ሪንግሮዝ ከሚመራ ትንሽ የእንግሊዝ ቡድን ጋር የተባበሩ አርበኞች ምሽጉን ከበው ከረሙ። የደባርቅ ክረምት ጉምና ቅዝቃዜው ለከባቢውም ለተከባቢውም እኩል ጠላት ነበር። ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ እህልና መድኃኒት ካለቀበት በኋላ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከሦስት ሺህ ያህል ሰው ጋር እጁን ሰጠ። ከመስቀል በዓል ማግስት መሆኑ ነው። ቀጥሎ ወደ ጎንደር የሚያስገባው የቁልቋል በር ምሽግ ከብርቱ ውጊያ በኋላ ኅዳር 12 ቀን፣ በዓመቱ የሚካኤል በዓል ተሰበረ። በስድስተኛው ቀን ከኬንያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ወታደሮች የሚበዙበት የጄኔራል ፋውክስ ክፍለ ጦርና አርበኞች ጎንደርን አጠቁ፤ ናሲም በዚያው ዕለት እጁን ሰጠ። ከ20 ሺህ በላይ የጣሊያንና ለጣሊያን ያደረ ወታደር ተማረከ። በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ምሽግ የወደቀው እንዲህ ነው።

የእነዚህ አርበኞች ትዝታ ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈው በአብዛኛው በቃል ነው፤ ቃሉም ሥርዓት ነበረው። በሠርግ፣ በድግስና በበዓል ፎካሪው ከመሐል ብቅ ብሎ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የዋለበትን ቦታ ይቆጥራል፣ የጣለውን ይናገራል። አብሮት የዘመተ ሰው ከተቀመጡት መካከል ስለማይጠፋ ያልዋለበትን ዋልሁ ማለት ያዋርደዋል። ስለዚህ ፉከራ ስሜት የሚቀሰቅስ ቢሆንም በምስክር ፊት የሚነገር ቃል ነው፤ የታሪክ ሰው ሊንቀው አይገባም።

ከሁሉም ይልቅ ታሪኩ ተሟልቶ የሚሰማው በለቅሶ ላይ ነው። በደጋው የአንድ ነባር ዘማች ለቅሶ ሲሆን ፎቶግራፉ፣ የማዕረግ ልብሱ፣ ሜዳልያውና ጠመንጃው ወጥቶ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። ፈረስ የነበረው እንደ ሆነ ፈረሱ ተጭኖ ያለ ጋላቢ ይሳባል። አስለቃሿ የሟቹን ሥራ በግጥም እየጠራች ስትደረድር አንዱ ጓድ ተነሥቶ ይፎክራል፤ እሱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀጥላል፤ የዚያን ቀን ማን ከማን ጋር እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ቆሰለ፣ ሬሳ ማን እንዳነሣ ይወጣል። ሟቹ በሕይወቱ ለልጆቹ ያልነገራቸው ነገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። በሕይወት ሳለ ሊጠየቅ ይችል የነበረውን መሞቱን ጠብቆ መስማት ግን ሊያስቆጭ ይገባል።

ፉከራና ሙሾ የማይነግሩት ነገርም አለ። ረኃብ፣ ፍርሃት፣ ተቅማጥ፣ ጓደኛን ትቶ መሸሽ፣ የወንድም ለባንዳነት ማደር፣ በአርበኞች መካከል የተነሣ የሥልጣን ሽኩቻ በፉከራ አይነገርም። እነዚህን የሚያወጣው ረጅም የግል ጨዋታ ወይም ጽሑፍ ነው። ስለ ጎንደር አርበኞች በዚህ ረገድ ቀዳሚው የገሪማ ታፈረ “ጎንደሬ በጋሻው” ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1949 ዓ.ም.፣ የታሪኩ ባለቤቶች ገና በሕይወት ሳሉ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ታደሰ ዘወልደ በ“ቀሪን ገረመው” ለሸዋ አርበኞች ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል።

ከድል በኋላ የአርበኛው ኑሮ እንዳሰበው አልሆነም። መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች መሬት እንዲሰጥ ደነገገ፤ የተለመደው ልክ አንድ ጋሻ፣ ማለትም 40 ሄክታር ያህል ነበር። መንግሥት ሊሰጠው የሚችለው ሰፊ መሬት ግን በደቡብ ነው ያለው። በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት መሬቱ በትውልድ የሚወረስ ርስት ስለ ነበር፣ የደባርቅ አርበኛ በቀዬው ጋሻ መሬት ሊቆረስለት አይችልም ነበር። አንዳንዱ ርቆ ሄዶ ሰፈረ፤ ሌላው በሜዳልያውና በአባቱ ርስት ረክቶ ቀረ። ከዚህ ይልቅ የመረረው ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ ወይም ቀድመው ስለ ተገኙ በሹመት ላይ ሹመት ሲያገኙ ማየት ነው። ቅሬታው የጎንደር ብቻ አልነበረም፤ በጎጃም ስመ ጥሩው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጥተዋል። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ሕግ ሲቪሉንም ወታደሩንም አቀፈ፤ ነገር ግን ጡረታ በደመወዝና በአገልግሎት ዘመን ስለሚሰላ ያለ ደመወዝ በዱር አምስት ዓመት ለኖረ ገበሬ የሚበጅ አልነበረም። ያም ሆኖ አርበኛው አንድ ትልቅ ነገር አግኝቷል፤ በዓል ተሰየመለት፣ ማኅበር ተቋቋመለት፣ በአደባባይ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጋሻና ጦሩን ይዞ የሚታይበት ቀን ተሰጠው። ታሪኩን የመናገር ነጻነት ከዚህ የመጣ ነው። ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች ወታደሮችም ተመሳሳይ ዕድል ነበራቸው፤ ከመካከላቸው ከ120 በላይ ሞተው፣ ከ500 በላይ ቆስለው፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው መመለሳቸው እስከ ዛሬ በኢትዮጵያም በኮሪያም ይነገራል፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

የቀጣዩ ትውልድ ዕጣ ከዚህ በጣም የተለየ ነው። በደርግ ዘመን ከጎንደርና ከሰሜን ደጋ ብዙ ወጣት ወደ ሠራዊቱ ገባ፤ አንዱ በፈቃዱ፣ አንዱ በሚሊሺያ፣ አንዱ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ። ብዙዎች በኤርትራ ያሉትን ናቅፋን፣ ከረንን፣ ምጽዋን ያወቁት በዚህ ነው። አገሩ ራሱም የጦር ሜዳ ነበር፤ ደርግን የተቃወሙት ኢዲዩ በሑመራና በመተማ በኩል፣ ኢሕአፓም በገጠሩ ተዋግተዋል፤ በአንድ ቤት የሁለት ወገን ተዋጊ የተገኘበት ጊዜ ነው። በ1983 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ኢሕአዴግ “ዘመቻ ቴዎድሮስ” ባለው ዘመቻ ጎጃምንና ጎንደርን ያዘ፤ ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ የነበረው ሠራዊትም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፈረሰ።

ወታደሩ በጦላይ፣ በሁርሶ፣ በታጠቅና በሌሎች ካምፖች ተሰብስቦ ተመዘገበ። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ 450 ሺህ ገደማ የሚሆን የደርግ ሠራዊት አባል በኮሚሽኑ አማካይነት ወደ ቀዬው ተሸኘ። ወደ ገጠር ለተመለሰው ለተወሰኑ ወራት የእህል ቀለብ፣ ለእርሻውም ዘር፣ ማዳበሪያና መሣሪያ ተሰጠው። በቁጥር ሲታይ ይህን ያህል ሰው ያለ ትልቅ ግርግር መበተኑ የሚደነቅ ነው። ቁጥሩ የማያሳየው ግን ሌላ ነው። በ18 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ በ30 ዓመቱ የተመለሰ ሰው እጁ የሚያውቀው ሙያ መድፍ፣ ራዲዮ ወይም ታንክ ነው። ከሄደ በኋላ መሬቱ ተሸንሽኗል፣ እኩዮቹ በሬና ልጅ አፍርተዋል፣ እጮኛው ተድራለች። በጎንደር ከተማና በአዘዞ ሹፌርነትና መካኒክነት ያወቁት ቶሎ ሥራ አገኙ፤ አናጢና ግንበኛ የሆኑም አሉ። ብዙው የሌሊት ጥበቃ ሆነ። ካፖርቱን ደርቦ በድርጅት በር ላይ የሚያድረውን ሰው ሠፈርተኛው “ሃምሳ አለቃ” ወይም “ሻምበል” እያለ ይጠራዋል፤ ሠራዊቱ ከፈረሰ ከብዙ ዓመት በኋላም ማዕረጉን የጠበቀለት ሠፈሩ ነው። ዕድሩም እንዲሁ። ድንኳን ተካዩን፣ ቀባሪውን፣ ሰው አሰላፊውን ሲፈልግ የሚመርጠው ሥርዓት የሚያውቀውን የድሮ ወታደር ነው።

የዚህ ሰው ትዝታ ግን አደባባይ አልወጣም። የተዋጋው አገሩን ከመከፋፈል ለማዳን እንደ ሆነ ያምናል፤ የተሸኘው ደግሞ የአምባገነን መሣሪያ ተብሎ ነው። በዓል አልተሰየመለትም፤ በሠርግ ላይ ተነሥቶ በኤርትራ ግንባር አፍዓበት ላይ እንዲህ ሆንሁ ብሎ ቢፎክር የሚመልስለት አይገኝም፤ ለልጁ ቢነግረው ልጁ በትምህርት ቤት የሚማረው ሌላ ነው። ዝም ማለቱ የሚነግረው በማጣት አይደለም፤ የሚቀበለው በማጣት ነው። በ1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ከተሰናበቱት መካከል ሙያቸው የተፈለገ ብዙዎች ተጠርተው ዘመቱ። ትናንት የተነቀፈ ሰው ዛሬ ተፈላጊ ሲሆን ትዝታውም አብሮ ክብር አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ማስታወሻ እየበዛ መጥቷል፤ የታደሰ ቴሌ ሳልቫኖ “አይ ምጽዋ” በሰፊው ከተነበቡት አንዱ ነው። የተራው ወታደር ታሪክ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ያልተጻፈ ነው፤ የተጻፈው የመኮንኑ ነው። ከባድመ ጦርነት በኋላም 150 ሺህ ገደማ ወታደር በዓለም ባንክ ድጋፍ ተሰናብቷል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ወደ ደጋው ደጃፍ መጣ። አዲ አርቃይ፣ ዛሪማና የሊማሊሞ ግርጌ፣ በዳባት ወረዳም ጭና የውጊያና የሲቪሎች እልቂት ስፍራ ሆኑ። ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በአገር ደረጃ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም አቅዷል። በአማራ ክልል ከዚያ ወዲህ የተነሣው ግጭት ገና ስላልተዘጋ የዚህን ትውልድ ትዝታ በስም እየጠሩ በአደባባይ መሰብሰብ ተናጋሪውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ጽፎ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፤ ለባለ ታሪኩም ለቤተሰቡም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

በጦርነት ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ አእምሮው አይታወክም። በአንዳንዱ ላይ ግን የጦርነቱ ጠባሳ ለዓመታት ይቀራል፤ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በድንገተኛ ድምፅ መደንገጥ፣ ያለፈውን ከሚያስታውስ ቦታና ሰው መሸሽ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። በደጋው እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ጠበል ይወሰዳል፤ ብቻውን አለመተዉ በራሱ ይረዳዋል። የሕክምና እርዳታውም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። ትዝታን መናገር ለአንዳንዱ ሸክም ያቀልለታል፣ ሌላውን ያሳምመዋል፤ ስለዚህ ጠያቂው ባለ ታሪኩ ሲያቆም ማቆም፣ “ስንት ሰው ገደልህ” የሚል ጥያቄ ከቶ አለማንሣት፣ ጨዋታው ሲያልቅም ወዲያው ተነሥቶ አለመሄድ አለበት።

ትዝታን የመሰብሰብ ሥራ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእጅ ስልክ መቅጃ ይበቃል። በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው የዘማቾች ታሪክ ሥራ እንኳ ከበጎ ፈቃደኞች የሚቀበለው በቤተሰብና በተማሪ የተቀዳ፣ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ ቃለ ምልልስ ነው። ጥያቄው ከውጊያ አይጀምርም፤ ከተወለዱበት ቀበሌ፣ ከወላጆች ስም፣ ከቤት ከወጡበት ቀን ይጀምራል። በደጋው ያደጉ አዛውንት ዘመንን በቁጥር ላያስታውሱ ይችላሉ፤ በበዓልና በእርሻ ወራት ግን አይስቱም። “በኅዳር ሚካኤል” ወይም “ከመስቀል ማግስት” ያሉት ቃል ቁልቋል በርንና ወልቀፊትን ከተጻፈው ታሪክ ጋር በቀኑ ያገጣጥማል። “ገብስ ሲታጨድ” ከተባለም ወሩ ይገኛል። የነበሩበትን ጦር ስም፣ የአዛዡን ስም፣ የጎረቤት ጓዶችን ስም መጠየቅ የአንዱን ቃል በሌላው ለማመሳከር ይረዳል፤ የሁለት ሰው ትዝታ ሲለያይም አንዱን ከመሰረዝ ሁለቱንም እንደ ተነገሩ መጻፍ ይሻላል። የተናጋሪውን አነጋገር ማስተካከል አይገባም። ቆላ ቆላውን፣ ደጋ ደጋውን እንደ ሆነ ይቀዳ።

ከቃሉ ጋር ዕቃውም ይያዝ። የመታወቂያ ደብተር፣ የስንብት ወረቀት፣ የሜዳልያ ምስክር ወረቀት፣ ከግንባር የተላከ ደብዳቤ፣ ከጀርባው ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶግራፍ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በአይጥና በእርጥበት እየጠፋ ነው። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ዋናውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጭስና ከእርጥበት ማራቅ፣ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ በእርሳስ መጻፍ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሥራ ነው። ከቅጂው ጋር የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ የተቀዳበት ቀንና ቦታ፣ እንዲሰማ የፈቀደው ለማን እንደ ሆነ ይጻፋል። ባለ ታሪኩ ከፈቀደ አንድ ቅጂ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ሊሰጥ ይችላል። ካልፈቀደም በቤተሰቡ እጅ ይቆያል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚይዘው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን ከወዲሁ መነገር አለበት።